ባለብዙ ቻናል ዳታ መሰብሰቢያ፦ የሳምፕል ፍጥነት ሲሰላ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ስድስት ሴንሰር አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ሰክቶ «በሰከንድ ስንት ጊዜ ማንበብ እችላለሁ?» ለሚል ሰው መልሱ ዳታሺቱ ላይ በአንድ መስመር ተጽፎ አይገኝም። ከሴንሰሩ እስከ ፋይሉ ድረስ ያለው እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ገደብ አለው፤ ፍጥነታችሁን የሚወስነው ከሁሉም ቀርፋፋው ነው።

የድምሩን ፍጥነት የአንድ ቻናል አድርጎ መውሰድ። የኡኖ (እዚህ የምናወራው ስለ አር3 ሞዴሉ ነው) 16 ሜጋ ኸርዝ ክሎክ ለ128 ሲካፈል ኤዲሲው፣ ማለትም ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል፣ 125 ኪሎ ኸርዝ ያገኛል። አንድ ንባብ 13 የክሎክ ምት ይፈጃል፤ ስለዚህ በሰከንድ 9,615 ንባብ፣ ለስድስት ሲካፈል 1,602። የማንበቢያው ፈንክሽን (analogRead) ራሱ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ስለሚጨምር 1,500 ገደማ ብላችሁ ያዙ። ተገዝተው የሚመጡ ሳጥኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ዩኤስቢ-6009 ላይ የተጻፈው 48 ኪሎ ሳምፕል ለስምንት ቻናል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 6 ኪሎ ሳምፕል ይደርሰዋል።

የምንጩን ሬዚስታንስ መርሳት። ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያባክነው ይህ ነው። ኡኖ ውስጥ ያለው ኤዲሲ አንድ ብቻ ነው፤ ማልቲፕሌክሰሩ ስድስቱን ፒኖች በየተራ ያገናኘዋል። ውስጡ ያለችው 14 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተር ቻናል ስትቀይሩ የቀድሞውን ቻናል ቻርጅ ይዛ ትመጣለች። አዲሱ ሴንሰር በ1.5 ምት ማለትም በ12 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ወደ ራሱ ቮልቴጅ ሊያመጣት ይገባል። ለ10 ቢት ስህተቱ ከግማሽ እርከን (እርከን ኤዲሲው የሚለየው ትንሹ የቮልቴጅ ልዩነት ነው) እንዳይበልጥ ከሬዚስታንሱና ከካፓሲታንሱ ብዜት 7.6 እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል።

10 ኪሎ ኦም ከሆነ አንድ ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይበቃል። ዳታሺቱም ከ10 ኪሎ ኦም አትለፉ የሚለው በምክንያት ነው። አሁን የባትሪ ቮልቴጅ ለሁለት ከፍላችሁ ለመለካት ሁለት 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ያዛችሁ እንበል። ኤዲሲው ሁለቱን በትይዩ ስለሚያያቸው የሚያየው 500 ኪሎ ኦም ነው፤ የሚያስፈልገው 53 ማይክሮ ሰከንድ፣ ያለው 12 ብቻ። ንባቡ ወደ ጎረቤቱ ቻናል ይሳባል። ያኔ ሴንሰር ይቀየራል፣ ገመድ ይነቀላል፣ መጨረሻ ላይ ኮድ ውስጥ የካሊብሬሽን ቁጥር ይጨመራል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! የስህተቱ መጠን ጎረቤቱ ቻናል በያዘው ቮልቴጅ የሚወሰን ነው፤ ጎረቤቱ ሲለወጥ እርማታችሁም አብሮ ይበላሻል።

ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሴንሰሩን አውጡና በቦታው እኩል ሬዚስታንስ ያለው ሬዚስተር ከፒኑ ወደ ግራውንድ አስሩ። ከእሱ በፊት የሚነበበውን ቻናል አንዴ 0፣ አንዴ 5 ቮልት ስጡት። የተጠረጠረው ቻናል ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የሴንሰሩ አይደለም። በቀጥታ ግራውንድ ላይ ከሰካችሁት ግን ችግሩ ይደበቃል።

«100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ፒኑ ላይ አድርግ» የሚለው ምክር በግማሽ እውነት ነው። እያንዳንዱ ንባብ እስከ 70 ፒኮ ኩሎምብ ቻርጅ ይወስዳል፤ በሰከንድ 1,602 ጊዜ ሲሆን 112 ናኖ አምፒር ነው። ያ በ500 ኪሎ ኦም ሲያልፍ 56 ሚሊ ቮልት ማለትም 11 እርከን ያጠፋል። በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ ካነበባችሁ ግን ስህተቱ ግማሽ ሚሊ ቮልት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ካፓሲተሩ ለባትሪ ጥሩ ነው፤ ለፈጣን ሲግናል ኦፕ-አምፕ ባፈር አስገቡ። ኤምሲፒ6002 በ5 ቮልት ይሠራል። ኤልኤም358 በ5 ቮልት ሲሠራ ከ3.5 ቮልት ገደማ በላይ አያወጣም፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ይወድቃል። የመጀመሪያውን ንባብ መጣልም ይረዳል፣ ፍጥነቱን ግን በግማሽ ይቀንሳል።

ክሎኩን ማፋጠን። በ128 ፋንታ ለ16 ማካፈል 77 ሺህ ገደማ ንባብ ይሰጣል፤ ያቺ 12 ማይክሮ ሰከንድ ግን 1.5 ትሆናለች። ሙሉ 10 ቢት የሚፈልግ ከ200 ኪሎ ኸርዝ አይለፍ።

ኤችኤክስ711 (ለክብደት ሴንሰር የሚያገለግል የኤዲሲ ቺፕ) ላይ ቻናል የሚቀያይር ሰው ደግሞ በሰከንድ 80 ንባብ ለሁለት ሲካፈል 40 አያገኝም፤ ከእያንዳንዱ ቅያሬ በኋላ ንባቡ እስኪረጋ 50 ሚሊ ሰከንድ መጠበቅ አለበት።

መተላለፊያውን አለማስላት። በ9,600 ባውድ (በሰከንድ 9,600 ቢት) አንድ ባይት ከመጀመሪያና ከመዝጊያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሆነ በሰከንድ የሚያልፈው 960 ባይት ነው። ስድስት ባለአራት አሃዝ ቁጥሮች ከኮማና ከመስመር መዝጊያው ጋር 31 ባይት ናቸው፤ ስለዚህ በሰከንድ 31 ረድፍ ብቻ። ቁጥሮቹን በባይነሪ ላኩ፦ 12 ባይት ዳታ፣ 2 ባይት መለያ። በ500,000 ባውድ ከ3,500 ረድፍ በላይ ያልፋል፣ ከ16 ሜጋ ኸርዝም ያለ ስህተት ይወጣል። ኤስዲ ካርድ ላይ ከጻፋችሁ አማካዩን ሳይሆን ከባዱን ቅጽበት አስሉ። በሰከንድ 1,602 ባለ12 ባይት ረድፍ እየመጣ ካርዱ ለ100 ሚሊ ሰከንድ ቢቆም 1.9 ኪሎ ባይት ይጠራቀማል፤ የኡኖ ራም በጠቅላላው 2 ነው።

«ከሲግናሉ ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ ማንበብ ይበቃል» ማለት። እጥፉ የሚሠራው ከሳምፕል ፍጥነቱ ግማሽ በላይ ያለው ድግግሞሽ ከኤዲሲው በፊት በፊልተር ከተቆረጠ ነው። በሰከንድ 49 ረድፍ ብታነቡ የመብራቱ 50 ኸርዝ ግራፉ ላይ 1 ኸርዝ ሆኖ፣ እንደ ሰው የልብ ምት ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ከገባ በኋላ ከእውነተኛው ሲግናል የሚለየው ሶፍትዌር የለም። የሞገድ ቅርጽ ለማየት ከአምስት እስከ አስር እጥፍ ያስፈልጋል።

ቻናሎቹ በአንድ ቅጽበት እንደተነበቡ መቁጠር። በቮልቴጅና በከረንት ንባብ መካከል ያለው 104 ማይክሮ ሰከንድ በ50 ኸርዝ 1.9 ዲግሪ ገደማ ነው። ፓወር ፋክተሩ (እውነተኛው ኃይል ከቮልቴጅና ከረንት ብዜት ያለው ድርሻ) 0.5 ከሆነ የኃይሉ ስሌት ከ5 በመቶ በላይ ይስታል። ስምንቱን ቻናል በአንድ ጊዜ የሚይዝ ኤዲ7606 ካልተገኘ ቮልቴጅ፣ ከረንት፣ እንደገና ቮልቴጅ አንብቡና የሁለቱን ቮልቴጅ አማካይ ከከረንቱ ጋር አባዙ። በየዙሩ አንድ ተጨማሪ ንባብ ይወስድባችኋል፤ ያንንም ከፍጥነቱ ላይ ቀንሱ።