የመስቀል ጥልፍልፍ በጌጥ መጋዝ ስትቆርጡ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ብርዷ በጊዜ ወደ ቤት ይሰበስባል። ለእንዲህ ያለው ምሽት ቀጭን ምላጭ ያለውን የጌጥ መጋዝ የሚያህል የትርፍ ጊዜ ሥራ አላውቅም፤ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ከጉርምስና እስከ ሽምግልና አብሮ ይዘልቃል።

የመስቀል ጥልፍልፍ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር አደራ፦ የውስጡን ክፍት ቦታዎች ሳትጨርሱ የዳሩን መስመር አትንኩ። ዳሩ ቀድሞ ከተቆረጠ እንጨቱ መያዣ ያጣል፤ ቀጫጭኑ ጥልፍም ይሰበራል። በእያንዳንዱ ክፍት ቦታ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ምላጩን ጥርሱ ወደ ታች እንዲያይ አድርጋችሁ አሾልኩትና ወጥሩት፤ በጣት ስትነኩት ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ገና ላላ ነው። እንጨቱን በዝግታ አቅርቡለት እንጂ በኃይል አትግፉት።

ለጀማሪ ኮምፔርሳቶ ይበቃል። ወይራ እጅግ ውብ ነው፤ ግን ጠንካራ ስለሆነ ምላጩ ሲግል ጠርዙን ያጠቁረዋል። ከመቁረጣችሁ በፊት ላዩ ላይ ፕላስተር መለጠፍ ይረዳል። ጽድ ስትፈልጉ ከአናጢዎች ቁርጥራጭ ጠይቁ፤ ለዚህ ሥራ መዳፍ የሚያህል ትራፊ ይበቃል። ብናኙ ጉሮሮ ስለሚከረክር አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።