የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ባለፈው ጥቅምት አክስቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። ቅዳሜ ጠዋት እሷንና የሰባት ዓመቱን የእህቴን ልጅ ይዤ መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም ሄድን። ስንስቅ ዋልን። ከዚያ ወዲህ ጓደኛም ዘመድም እየጎተትኩ ዞማም፣ ስድስት ኪሎ ያለው የሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል የተባለው ሙዚየምም ተመላልሻለሁ። ቀኑን የሚያሳምሩትም የሚያበላሹትም ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«አይገባቸውም» ብሎ ትልቅ ሰው ቤት መተው

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። አክስቴን ይዤ ስወጣ «እሷ ደግሞ እዚያ ሄዳ ምን ታያለች?» ያሉኝ ነበሩ።

ዞማን የመሠረቱት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የኤግዚቢሽን አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ናቸው። ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ቤቶቹ የተሠሩት በጭቃና በጭድ ነው። ግድግዳው ላይ ጭቃው ራሱ እንደ ጥልፍ ቅርጽ ወጥቶለታል።

አክስቴ ግድግዳው ጋ ስንደርስ ቀጥ አለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄ ጭቃ በደንብ ቦክቷል» አለች። እንዴት አወቅሽ አልኳት። ጭቃ ከጭድ ጋር በእግር ተረግጦ፣ ውሃ እየጠጣ ካልሰነበተ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል አለችኝ። ጭዱ እንደ ክር ሆኖ ያያይዘዋል። እንዲህ ያለ ለስላሳ ፊት የሚወጣው ደግሞ ከምርጊቱ በኋላ በእጅ ደጋግሞ ሲለሰን ነው። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ቤት ስትመርግ የረገጠችው ጭቃ ሽታው ሳይቀር ትዝ አላት። አጠገባችን የነበሩ ሁለት ወጣቶች ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ያዳምጧት ጀመር። አንዷማ «እማማ፣ ይሄኛው ደግሞ እንዴት ተሠራ?» እያለች ወደሚቀጥለው ቤት ይዛት ሄደች።

ያንን ግድግዳ በፎቶ ስንቴ አይቼዋለሁ። ጭዱን አንድ በአንድ ያየሁት ግን የዚያን ቀን ነው። መሶብ የሰፋች፣ ጥጥ የፈተለች፣ ቀሚስ የጠለፈች ሴት ስለ ቅርጽና ስለ ቀለም የምታውቀው ብዙ ነው። ይዛችኋት ሂዱ።

ሁሉንም በአንድ ቀን ልይ ማለት

ስድስት ኪሎ ወዲያ፣ መካኒሳ ወዲህ። መሃል ላይ ደግሞ የአዲስ አበባ መንገድ አለ። «ድንቅነሽንም ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ ብለን እንያት» ከተባለማ ቀኑ በታክሲ ሰልፍ ያልቃል። አንድ ቀን አንድ ቦታ ይበቃል። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ደውሉ። ኤግዚቢሽን ሲቀየር አዳራሽ ሊዘጋ ይችላል፤ ከበር መመለስ ደግሞ ልጆችን በጣም ያስከፋል።

«ይሄ ምንድነው?» ብሎ መጀመር

ጥያቄው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቀድሞ ሲመጣ ነው ችግሩ። ሰው ሸራው ፊት ይቆማል፤ ሰው ወይም ፈረስ ይፈልጋል፤ ሲያጣ ዓይኑን ወደ ጽሑፉ ይወረውራል፤ ርዕሱን አንብቦ «እሺ» ብሎ ያልፋል። ሥዕሉን አላየውም።

እስቲ ይሄን ሞክሩ። ጽሑፉን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ዓይናችሁ የት አረፈ? ቀጥሎስ ወዴት ሄደ? ከዚያ አምስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ በሉና እዩት። ቀጥሎ ጠጋ ብላችሁ ከጎን ተመልከቱት። የዘይት ቀለም ወፍሮ የተቀባበት ቦታ በመብራቱ ትንሽ ጥላ ይጥላል። ብሩሹ ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ የት ላይ እንደፈጠነ ይታያችኋል። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ እጁን ሲያንቀሳቅስ የምታዩት ያህል ነው። ጽሑፉን አሁን አንብቡት። ያኔ ርዕሱ ራሱ ሌላ ነገር ይነግራችኋል።

አንድ ሥዕል ፊት አሥር ደቂቃ መቆም ነውር የለውም። ሃያ ሥዕል ሳያዩ ማለፍም እንደዚያው።

«ይሄንማ ልጄም ይሠራዋል»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ያልሰማሁባት ቀን የለችም። ተናጋሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዳይሞኝ ፈርቶ ነው። ግን አጠገቡ ያለውንም ሰው እንዳያይ ያደርገዋል።

ስድስት ኪሎ ያለው ሙዚየም በስሙ የተጠራለትን ሰው እንውሰድ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። የአባቱን ሥራ እያየ ያደገ ልጅ ነው። በኋላ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ተማረ። ተመልሶም በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ግጥምም ይጽፍ ነበር። ያኔ አሳሳሉን «የባዕድ ነው» ያሉት ብዙ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራውን «ጎልጎታ»ን ተመልከቱ። ስቅለት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የምናውቀው ስቅለት። እሱ ጋ ግን ሁሉንም ነገር ቀዩ ውጦታል። ፊትና ልብስ በዝርዝር መሳል አቅቶት አይደለም። ደሙ ቀድሞ እንዲታይ ስለፈለገ ነው። የአርብ ስግደት ላይ የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ትምህርት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ስለዚህ «ልጄም ይሠራዋል» ከማለት «ለምን እንዲህ መረጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጨዋታው ያኔ ይደምቃል። አብራችሁ ካለው ሰው ጋር ብትከራከሩም ጥሩ ክርክር ነው።

መንካት

የእጅ ላብና ቅባት በዓይን ባይታይም ሥዕል ላይ ይቀራል፤ በጊዜ ብዛት ይጎዳዋል። የኤልያስ ስሜ ሥራዎች በተለይ እጅን ይጠራሉ። ከመርካቶ የተሰበሰበ የኮምፒውተር ቦርድና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ሽቦው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ እንጨት ላይ ተመትቷል። ከሩቅ ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ በተባለው የጣሊያን ትልቅ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒት ላይ የቀረበ ሠዓሊ ነው። ጣታችሁን ወደ ሽቦው ስትዘረጉ ይሄን አስታውሱ።

ልጅ ከያዛችሁ ቁጣውን ተዉትና ጨዋታ አድርጉት። የእህቴን ልጅ «እዚህ ውስጥ እንደ ጄኔራል ነው የሚኬደው» አልኩት። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ደረቱን ነፍቶ ክፍሉን ሁሉ ፈተሸ። ጥበቃው ሰላምታ ሲሰጠውማ ቁመቱ የጨመረ መሰለው።

ስልክና ሆድ

ፎቶ ይፈቀድ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ከተፈቀደ ዞር ዞር ብላችሁ ካያችሁ በኋላ፣ ስትወጡ አንሱ። ፍላሽ አታብሩ። ቁርስ በልታችሁ ሂዱ፤ የራበው ሰው ሥዕል አያይም። ሂል ጫማ ቤት ይዋል፣ ዞማ ግቢው ራሱ የሚታይ ነውና ብዙ ትራመዳላችሁ።

አይቶ እንደጨረሱ ታክሲ መጥራት

ይሄ የመጨረሻው ነው። ሰው አዳራሹን ዞሮ ሲጨርስ «በቃ እንሂድ» ይላል። ቁጭ በሉ እንጂ! ዞማ አትክልቱ አለ፣ ላሞቹ አሉ። ቡና እየጠጣችሁ «አንተ የቱን ወደድክ?» ተባባሉ። ለልጁ ወረቀትና እርሳስ ስጡት።

የእኛው ጄኔራል ያየውን ሁሉ ትቶ ላሟን ሣላት። ስድስት እግር አደረገላት። አክስቴ መነጽሯን አስተካክላ ቆጠረችና «የኔ ጌታ፣ ሁለቱ ከየት መጡ?» አለችው። ቀና ብሎም አላያት። «እየሄደች እኮ ነው፣ እማማ» አላት።

አክስቴ ወረቀቱን አጥፋ ከመሐረቧ ጋር ቋጠረችው። ደብረ ብርሃን ይዛው ሄደች።