የሴቶች ጥናት የሚስባቸው የወሎ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ወልድያ የምትማር ወጣት ስለ ፌሚኒዝምና ስለ ሴቶች ጥናት ፍላጎት ሲያድርባት፣ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታደርገው ፍላጎቱ ከየት እንደ መጣ መደበቅ ነው። እኅቷ ከጅዳ ደመወዟን ተከልክላ በመመለሷ ጥያቄው የተነሣባት ተማሪ፣ የጥናት ሐሳቧን ስትጽፍ «የፆታ እኩልነት ዓለም አቀፍ አጀንዳ ነው» ብላ ትጀምርና እኅቷን ከወረቀቱ ታወጣታለች። የግል ምክንያት በራሱ ማስረጃ እንዳልሆነ እርግጥ ነው፤ ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚጠቁመው ግን እርሱ ነው። መንግሥት ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ መሄድን በ2006 ዓ.ም. አግዶ በ2010 ዓ.ም. እስኪፈቅድ ድረስ የሄዱት በማን በኩል ሄዱ? ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ለእርሷ ምን ማለት ነበር? የላከችውን ገንዘብ የተቀበለው ማን ነው፣ በምን ላይስ ዋለ? እንዲህ ያለው ጥያቄ ከአጀንዳ አይወለድም። (ወንድ ተማሪም ቢሆን ያው ነው፤ ዘርፉ ለሴቶች የተተወ መስሎት ጥያቄውን በሆዱ ይዞ የሚመረቅ ጥቂት አይደለም።)

በታሪክ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ሁለት ተቃራኒ መልክ አለው። አንደኛዋ ተማሪ ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1792 ስለ ሴቶች መብት መጽሐፍ ካሳተመችው ከእንግሊዛዊቷ ሜሪ ዎልስተንክራፍት ትጀምርና በ1949 «ሁለተኛው ፆታ» የተባለውን መጽሐፍ ባወጣችው በፈረንሳዊቷ ሲሞን ደ ቦቭዋር ላይ ታቆመዋለች፤ ኢትዮጵያ የምትነሣው በመጨረሻው ምዕራፍ፣ ችግሩ የሚታይባት አገር ሆና ነው። በተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ የሴቶች ጥያቄ መነሣቱ፣ የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱም በኅዳር 1965 ዓ.ም. በአውሮፕላን ጠለፋ ሙከራ ላይ፣ ደሴ ተምሮ ካደገው ከዋለልኝ መኮንን ጋር መሞቷ አይወሳም። ሌላዋ ደግሞ ከዚህ ትሸሽና በወሎ የወረ ሂመኖ ገዥ የነበሩትን ወይዘሮ ወርቂትን የፌሚኒዝም እናት ታደርጋቸዋለች። ወርቂት በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ያመለጡትን ምኒልክን፣ ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ እስረኛ እያለ፣ ወደ ሸዋ እንዲያልፉ መፍቀዳቸውና ልጃቸውም በዚሁ ሰበብ መገደሉ የታወቀ ነው። ይህ ታሪክ መኳንንት የሆነች ሴት ምን ያህል ሥልጣን ልትይዝ ትችል እንደ ነበር ያሳያል። በዚያው ግቢ ጓዳ እህል ስትፈጭ ትውል የነበረችውን ሴት በተመለከተ ግን ምንም አይነግረንም፤ ተማሪዋ ልትመረምረው የሚገባትም ይህንኑ ዝምታ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ሕጉንና ኑሮውን አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የመሬት ይዞታ ደብተርም በባልና በሚስት ስም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፎበት ይሰጣል። ተማሪዋ ይህን ጠቅሳ ወይ «ሴቶች የመሬት ባለመብት ሆነዋል» ብላ ታልፋለች፣ ወይ ደግሞ «ወረቀት ብቻ ነው» ብላ ትጥለዋለች፤ በሁለቱም መንገድ ማሳው ድረስ አልወረደችም። በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ሥራ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ባሏን የፈታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ደብተሩ በእጇ እያለ በሬና አራሽ ካጣች መሬቷን ለእኩል፣ ማለትም አርሶ ምርቱን ለሚያካፍላት ሰው፣ ትሰጣለች፤ የሚደርሳት እህልም ዘሩን ማን አቀረበ፣ ማዳበሪያውን ማን ገዛ በሚለው ስምምነት ያንሳል ወይም ይበዛል። ያም ሆኖ የባሏ ዘመዶች መሬቱን ሊወስዱባት ሲነሡ ፍርድ ቤት ይዛው የምትቀርበው ያንኑ ደብተር ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ በጥንቱ ሥርዓት ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ነበር፣ ነገር ግን ተድራ ወደ ባሏ አገር የሄደች ሴት ድርሻዋን ተከታትላ ማልማት ይቸግራት ነበር። ከመብቱ እስከ ጎተራው ባለው መንገድ ላይ የሚቀረው ምን ያህል እንደሆነ፣ በማን እጅ እንደሚቀርም መከታተል ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው።

«የወሎ ሴት» የሚል ነጠላ ሰው መፍጠርም ይዘወተራል። የባቲና የአምባሰል ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አገር ነውና፣ በዘፈን የተወደሰው ቁንጅና የሴቶች መከበር ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ ይታያል። አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳየችው፣ ፍርድ ቤቶች የዘርና የፆታ መድልዎን ለየብቻ ሲመለከቱ ሁለቱም በአንድነት የሚደርሱባት ጥቁር ሴት ከዓይናቸው እንደምትሰወር ነው። ይህን ሐሳብ ወደ ወሎ የምታመጣ ተማሪ የክሬንሾን ምሳሌ ከመድገም ይልቅ እዚሁ ያለውን ልትመለከት ይገባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። በሐይቅ ከተማ አካባቢ የምትኖር ሙስሊም ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቃዷን የምትሰጠው አባቷና አማቿ በተቀመጡበት ከሆነ፣ ፈቃዱ እንዴት ይመዘናል? ይህ ጥያቄ በተክሊል ያገባችውን ጎረቤቷን በዚህ መልኩ አይገጥማትም፤ እርሷን የሚገጥማት ሌላ ነው።

ስለ ቁጥር አጭር ማሳሰቢያ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶ የሚሆኑት መገረዛቸውን አሳይቷል። ይሁን እንጂ በሶማሌ ክልል ከ98 በመቶ በላይ የሆነው በትግራይ ወደ 24 በመቶ የሚጠጋ በመሆኑ፣ አገራዊውን ቁጥር በወሎ ቃሉ ወረዳ ላለ አንድ ቀበሌ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ አይቻልም።

በመጨረሻ ቃለ መጠይቁ አለ። ተማሪዎች ቡና የተፈላበትን ቤት ለውይይት አመቺ አድርገው ያስባሉ፤ ለብዙ ጉዳይ አመቺ ነው፣ ስለ ትዳር ውስጥ ጥቃት ለመጠየቅ ግን ከእርሱ የባሰ ቦታ የለም፤ የሰሙት ጎረቤቶች ከበረካው በኋላ ወደየቤታቸው ይሄዳሉና። ስም መለወጥም ብቻውን አይሸሽግም፤ በአንድ መንደር ከዓረብ አገር የተመለሱት ሦስት ሴቶች ብቻ ከሆኑ፣ «ወይዘሮ ሀ» ማን እንደሆነች ልጅ አዋቂው ያውቃታል። ስለዚህ ቀበሌውን፣ የሄደችበትን ከተማና የልጆቿን ቁጥር ጭምር ማድበስበስ ያስፈልጋል። ጥቃት የደረሰባትን ሴት ከማነጋገሯም በፊት ተማሪዋ በወረዳው የሕግ ድጋፍና የሕክምና አገልግሎት የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ በየትኞቹ ቀናት እንደሚገኝ፣ ከዚያች ቀበሌ እስከዚያ የሚያደርሰው የመኪና ዋጋም ስንት እንደሆነ አጣርታ መያዝ አለባት።