«ራሱ አጠፋ» እና «ራሱን አጠፋ»፦ ራስን ስለማጥፋት ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ጅማ ጎረቤቴ የሆነ አንድ ሹፌር ቡና ጭኖ ሲሄድ ከሌላ መኪና ጋር በተጋጨ ማግስት፣ አጋሮ ለሚኖረው ወንድሙ የደረሰው የስልክ መልእክት አራት ቃላት ብቻ ነበሩት፦ «ወንድምህ ራሱን ነው ያጠፋው»። ላኪው ሊል የፈለገው የግጭቱ ጥፋት የሹፌሩ እንደሆነ ነበር፤ ዘመዶቹ ግን እያለቀሱ ጅማ ሲደርሱ ሟች የተባለው ሰው ቁርሱን እየበላ አገኙት።

የመጀመሪያውና ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ስህተት ይህችን «ን» ያለ ቦታዋ ማስገባት ነው። «ራሱ አጠፋ» ስንል «ራሱ» ባለቤቱን ያጠብቃል፤ የበደለው ሌላ ሰው ሳይሆን እሱ ነው ማለት ነው። «ራሱን አጠፋ» ስንል ግን ድርጊቱ በራሱ ላይ ያርፋል። ግሱ መብራትንም፣ ገንዘብንም፣ ነፍስንም ማጥፋትን ስለሚችል ከአደጋው የሚያድነን እሱ አይደለም። በአፋን ኦሮሞም «በሌሱ» የሚለው ግስ ማጥፋትንም መበደልንም ስለሚይዝ፣ ሁለቱን ቋንቋዎች እያፈራረቀ የሚያወራ የጅማ ሰው በግሱ ላይ ተማምኖ «ን»ን ቢዘነጋ አይገርምም። ስለ በደል የሚጽፍ ሰው «ጥፋቱ የራሱ ነው» ቢል ከነአካቴው ይገላገላል። «ስልኩ ራሱን አጠፋ» የሚለው ግን ማንንም ስለማያሳስት ሊታረም አይገባውም።

ሁለተኛው ስህተት «ከባልንጀራው ጋር ተጣልቶ ሕይወቱን አጠፋ» ብሎ መጻፍ ነው። የማንን ሕይወት? የአማርኛው ባለቤትነት አመልካች ለሟችም ለገዳይም እኩል ስለሚያገለግል፣ «የገዛ ሕይወቱን» ወይም «የባልንጀራውን ሕይወት» ብሎ መለየት ግድ ነው። «ነፍስ አጠፋ» ደግሞ ሌላ ሰው ገደለ ማለት እንጂ ራሱን ገደለ ማለት አይደለም።

«ራስን የማጥፋት ወንጀል ፈጸመ» የሚለው አነጋገር በሕግም በቋንቋም ያልተስተካከለ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላው ሰው ራሱን እንዲገድል ያነሳሳውን ወይም የረዳውን እንጂ በሐዘን ቤት የሚለቀስለትን ሟች አይደለም። በሕይወት ስለተረፈ ሰውም «ሙከራው አልተሳካለትም» ማለት መትረፉን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል፤ «ሕይወቱ ተርፏል» ይበቃል።

«አጥፍቶ ጠፊ»ን ራሱን ብቻ ለገደለ ሰው መስጠት ደግሞ ቃሉን አለማንበብ ነው፤ በቃሉ ውስጥ ሌላውን ማጥፋት ይቀድማል፣ መጥፋት ይከተላል።

ዘይቤያዊውን አጠቃቀም በሙሉ ከልክሉ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። «በሥራ ራሱን ገደለ» ወይም «በሳቅ ሞትኩ» ሲባል «በሥራ» እና «በሳቅ» የሚሉት ቃላት መንገዱን ስለሚያሳዩ ማንም አይደነግጥም። ችግሩ የሚመጣው የግሱ ጊዜ ሲለወጥ ነው። «በጫት ራሱን እያጠፋ ነው» ሲባል ቀስ በቀስ መጎዳቱ ይገባናል፤ «በጫት ምክንያት ራሱን አጠፋ» ሲባል ግን ድርጊቱ አልቋል፤ አንባቢም የሚያስበው ቀብር ነው። ሊባል የተፈለገው ሰውየው ንጽሕናውንና ትዳሩን ችላ ማለቱ ከሆነ «ራሱን ጣለ» የሚል የተዋጣለት አማርኛ አለ። ፓርቲ ወይም ማኅበር ሲፈርስም «ከሰመ» የሚለው እያለ «ራሱን አጠፋ» ብሎ መጻፍ ያለ ፍላጎት ደም ማስገባት ነው።

ሌላው፣ ድርጊትን በፍርድ መሸፈን ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በእንግሊዞች እጅ ላለመውደቅ ራሳቸውን ገደሉ። «ራሳቸውን ሠዉ» የሚለው የጸሐፊው አመለካከት ነው፤ መሥዋዕትነት ለማን ወይም ለምን ብሎ የሚጠይቅ ቃል ነውና፣ የሚጠቀምበት ሰው መልሱን አብሮ ማስቀመጥ አለበት።

በመጨረሻም «በራሱ ላይ እርምጃ ወሰደ» የሚለው የቢሮ ቋንቋ አለ፤ ሟቹን ደብዳቤ የተጻፈበት ሠራተኛ ያስመስለዋል። ለእድር የሚነበብ የቀብር ማስታወቂያ ከሆነ «ሕይወቱ አልፏል» ከሚለው ቀጥሎ የሚያስፈልገው የቀብሩ ሰዓትና ቦታ ነው።