ሌባው ጅቡ እንዳይሆን፦ ተማሪዎችን የምስጢር ድራማ ማስጻፍና ማስቀረጽ

ሐረር ውስጥ ተማሪዎችን «የምስጢር ድራማ ጻፉ» በሏቸውና ታያላችሁ፤ ሁሉም ጅብ ያስገባል። ቦርሳ ጠፍቶ እንኳ ከበስተጀርባ ጅብ ይጮኻል። አትከልክሏቸው። አንድ ሕግ ብቻ አውጡ፦ ሌባው ጅቡ እንዳይሆን።

ከታሪኩ በፊት ድምፅ ፈልጉ። በጆሮ በሚሰማ ድራማ ውስጥ የወደቀ ቁልፍ አይታይም፣ የእግር ዱካ አይታይም፤ ፍንጩ የሚሰማ ነገር መሆን አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ አዙሯቸው። መኪና ግርግር ውሰዷቸው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ከየት ይመጣል? አንድ ጥግ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አምስት ደቂቃ ይቁሙና የሰሙትን ይጻፉ።

ከዚያ ከመጨረሻው ጀምሩ። ማን ሰረቀ? ለምን? በምን ተያዘ? ይህ ሳይታወቅ አንድ መስመር ንግግር አይጻፍ። የእኛ ሚኒ ሚዲያ ልጆች የጻፉት እንዲህ ነበር፦ ከልብስ ሰፊ ቤት የሙሽራ ቀሚስ ጠፋ። የሙሽራዋ ወንድም ሲደወልለት «ቤቴ ተኝቼ ነው የቀሰቀስሽኝ» ይላል። ከድምፁ ጀርባ ግን ቀስ ብሎ ግርር... ግርር... ይሰማል። ማንም ምንም አይልም፣ ታሪኩ ያልፋል። መጨረሻ ላይ እህቱ «አንተ ቤት የስፌት መኪና አለ እንዴ?» ስትለው ክፍሉ በሙሉ «ውይ!» አለ። ፍንጭ ማለት ይሄ ነው፤ ሰምተውታል፣ ልብ ግን አላሉትም። መርማሪው መጨረሻ ላይ ማንም ያልሰማውን ማስረጃ ከኪሱ ካወጣ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አድማጩ ይናደዳል፣ እውነቱንም ነው።

ንግግር ሲቸግራቸው አውጫጭኝ አጫውቷቸው። ድሮ ንብረት ሲጠፋ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ሌባውን ያወጣጣ የለ? አንዱን በድብቅ ሌባ አድርጉ፣ ሌሎቹ ያፋጡት፣ እናንተ ቅረጹ። ልጆች ሲጽፉ «እባክዎ የት ነበሩ?» ዓይነት የመጽሐፍ አማርኛ ይጽፋሉ፤ ሲጨቃጨቁ ግን አማርኛው ከኦሮምኛና ከሐረሪኛ ጋር ተደባልቆ ይወጣል። ተዉት። ሐረር እንደዛ ነው የሚያወራው።

ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ገጸ ባሕሪያቱም ከአራት አይብለጡ፤ ሲበዙ ድምፃቸው ይምታታል።

ለቀረጻው ስልክ ይበቃል። ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፣ አለበለዚያ የአንዱ እናት መሃል ላይ ትደውላለች። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፣ ስለዚህ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ። ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፣ ትንሽም ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፖሊስ» ባሉ ቁጥር ትንፋሹ ይፈነዳል። ዝናብ ከፈለጋችሁ ትሪ ላይ ሩዝ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ነው። ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታም ግማሽ ደቂቃ ቅረጹ፤ ድምፁን ስትቆራርጡ ክፍተቱን የምትሞሉት በእሱ ነው። ለመቁረጡ ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ።

ሰዓትም እዩ። አንዴ የመጨረሻውን ትዕይንት ስንቀርጽ ልጁ የምር እያለቀሰ፣ እኛ ትንፋሻችንን ውጠን፣ «የሰረቅኩት እኔ...» ሲል ከአንዱ መስጊድ አዛን ተነሳ፣ ቀጥሎ ከሌላው፣ ቀጥሎ ከሌላው፣ ጀጎል ውስጥ መስጊድ የሌለበት አቅጣጫ የለማ! ደግመን ስንቀርጽ ልጁ ማልቀስ አቃተው። እኔ ተበሳጨሁ፣ እነሱ ግን ነገሩን ያዙት። በሚቀጥለው ድራማቸው ተጠርጣሪው «ስደውልልሽ ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር» ሲል ውሸቱ የታወቀው ስልኩ ውስጥ በገባው የዙህር፣ ማለትም የቀትር ሶላት አዛን ነው።