ኢንተርኳርታይል ሬንጅ አልመጣ ሲላችሁ

ዘጠኝ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ ጻፍኩ፦ 12፣ 5፣ 7፣ 40፣ 9፣ 6፣ 10፣ 8፣ 11። 40 የዝናቡ ቀን ነው። ኢንተርኳርታይል ሬንጅ የሚጠቅመው እንዲህ ላለ ጊዜ ነው። የመሀለኛውን ግማሽ ስፋት ብቻ ስለሚለካ አንድ ዝናብ አያናጋውም። ዝርዝሩ ለሁለት ይከፈልና ከላይኛው ግማሽ መሀለኛ ቁጥር የታችኛው ግማሽ መሀለኛ ቁጥር ይቀነሳል። እስቲ ሞክሩት። ስንት መጣላችሁ?

35 ከመጣ፦ ትልቁን ከትንሹ ቀንሳችኋል። ያ ተራው ሬንጅ ነው፣ ዝናቡም አብሮ ገብቷል።

3 ከመጣ፦ ቁጥሮቹን ሳትደረድሩ ሰርታችኋል። ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። ሳይደረደርም መሀል ላይ የተቀመጠው 9 ነው፣ እውነተኛው ሚዲያንም (ከተደረደረ በኋላ መሀል ላይ የሚገኘው ቁጥር) 9። ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ፦ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ 10፣ 11፣ 12፣ 40። ከዚያ ቁጠሯቸው። በሌላ ዝርዝር ላይ አንድ ቁጥር ሁለቴ ካለ ሁለቴ ይጻፋል፤ ስንደረድር አንዱን መዋጥ የብዙዎቻችን አመል ነው። መልሱ ከዜሮ በታች ከወረደማ፣ ወይ አልደረደራችሁም ወይ ቅነሳውን ገልብጣችሁታል።

እናንተ 5፣ ጓደኛችሁ 4 ካገኛችሁ፦ አትጣሉ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ልዩነቱ ያለው መሀል ላይ ባለችው 9 ነው። እሷን ትታችሁ ግራና ቀኙን ከከፈላችሁ፣ የ5፣ 6፣ 7፣ 8 ሚዲያን 6.5 (የመሀለኞቹ የ6 እና የ7 አማካይ)፣ የ10፣ 11፣ 12፣ 40 ደግሞ 11.5 ነው። ሲቀናነሱ 5። ጓደኛችሁ ግን 9ን በሁለቱም ግማሽ ውስጥ አስገብቷል። ስለዚህ ኳርታይሎቹ፣ ማለትም የሁለቱ ግማሾች ሚዲያኖች፣ 7 እና 11 ሆኑለት፣ 4 አገኘ። ለፈተና ከሆነ መጽሐፋችሁ የሚለውን ያዙ። እኔ 9ን መተዉን እመርጣለሁ፣ በእጅ ሲሰራ ይቀላል።

ኤክሴል ሌላ ነገር ካላችሁ፦ ኤክሴል ሁለት ቀመር አለው፣ ኳርታይል ኢንክ (QUARTILE.INC) እና ኳርታይል ኤክስክ (QUARTILE.EXC)። በእኛ ዘጠኝ ቁጥሮች የመጀመሪያው 4፣ ሁለተኛው 5 ይሰጣል። እስካሁን ሰላም ነው። 40ን አውጡና ስምንት ቁጥር አስቀሩ። አሁን በእጅ የሚያከራክር ነገር የለም፣ አራት በአራት ተከፍሎ መልሱ 4 ነው። ኤክሴል ግን በአንዱ 3.5፣ በሌላው 4.5 ይላል። አልተበላሸም። ኳርታይሉ በሁለት ቁጥሮች መሀል ሲወድቅ፣ እኛ አማካያቸውን እንወስዳለን፤ እሱ ግን ወደ የትኛው እንደሚቀርብ አስልቶ ነው የሚወስደው። ቁጥሮቹ በሺህ ቢቆጠሩ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ አይታይም ነበር። በስምንት ቁጥር ግን አፍጥጦ ይታያል፣ ስለዚህ ከመልሱ ጎን በየትኛው መንገድ እንደሰራችሁ ጻፉ።