ቤተሰብ ይዘን አዲስ አበባን ልናይ ስንወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

በጥር መጨረሻ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመት ሲዘጋ እናቴና እህቴ ከድሬዳዋ መጡ። እህቴ ሁለቱንም ልጆቿን ይዛለች። ትልቁ 11፣ ትንሹ 6 ዓመቱ ነው። እናቴ ሰባውን አልፋለች። «አዲስ አበባን አሳዪን» አሉኝ። ስንት ዓመት የኖርኩበት ከተማ ነው፣ ምን ይከብዳል ብዬ በነጋታው ይዣቸው ወጣሁ። ማታ ስንመለስ ትንሹ ያለቅሳል፣ እናቴ ራሷን ይዛ ተኝታለች፣ እህቴ አኩርፋለች። ከስድስት ቀን በኋላ በድጋሚ ወጣን። ያ ቀን ግን እናቴ እስካሁን በስልክ የምታነሳው ሆነ። በሁለቱ ቀኖች መካከል የገባኝን ልንገራችሁ።

በመጡ ማግስት እንጦጦ መውጣት

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። እንጦጦ ደግሞ 3,000ውን ያልፋል። ሰውነት ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት አይለምደውም። እናቴ ከመኪና ወርዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ሃምሳ እርምጃ እንኳ ሳትሄድ ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ቆይ እስቲ ልጄ፣ ትንፋሼ ይመለስ» አለችኝ። በጣም ደነገጥኩ። ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብላ ቀስ በቀስ ተሻላት።

እንጦጦ አይታይ እያልኩ አይደለም። ምኒልክ ወደ ፍልውኃ ከመውረዳቸው በፊት የኖሩት እዚያ ነው፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ግን ከቆላ የመጣ እንግዳ፣ በተለይ ትልቅ ሰው፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ። የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይወጣ ይሻላል።

ቀኑን ሳይጠይቁ መምረጥ

ያ ቀን ዓርብ ነበር። እናቴ ዓርብና ረቡዕ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አትቀምስም። እኔ ልጇ ይህን ረስቼ ባዶ ሆዷን ዳገት አወጣኋት። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «እናንተን ላስቀር?» አለች። እናቶቻችን እንዲህ ናቸው፤ ካልተጠየቁ አይናገሩም። ስለዚህ ጠይቋቸው። ጾም ነው ወይ? መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት መቼ ነው? ጉልበታቸውን ያማቸዋል ወይ? ሁለተኛውን ቀን ሐሙስ አደረግነው። ምሳም ልጆቹ ሳይርባቸው፣ 6 ሰዓት ላይ በላን።

ሁሉም ሙዚየም ለልጅ እንደሚሆን ማሰብ

ይህ አሁንም ይቆጨኛል። ከእንጦጦ ወርደን በቀጥታ መስቀል አደባባይ ጥግ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገባን። መግቢያው ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ውስጡ የሟቾች ፎቶግራፎች አሉ፤ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽምና የራስ ቅልም አለ። የ6 ዓመቱ ልጅ እጄን ጭምቅ አድርጎ «እነዚህ እውነተኛ ሰዎች ናቸው?» አለኝ። ምን ልበለው? ለሦስት ሌሊት መብራት ሳይጠፋ ነው የተኛው።

እናቴ ደግሞ ፎቶዎቹ የተደረደሩበት ግድግዳ ፊት ቆማ ቀረች። የእሷ ትውልድ ነው። አንድ በአንድ እያየች ስም ታነባለች። የምታውቀው ሰው ይኑር አይኑር አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ሙዚየሙ ሊታይ የሚገባው ነው፤ እኔም ማንም ሰው ቢያየው እላለሁ። ግን ያን ዘመን ያየን ሰው አስቀድማችሁ «ልትገቢ ትፈልጊያለሽ?» በሉት። ትንንሾቹን ይዞ ውጭ የሚቆይ አንድ ሰው ይኑር፣ ከዚያ ተቀያየሩ። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ከመግባታቸው በፊት ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው።

ከዳር እስከ ዳር መሮጥ

የመጀመሪያ ቀን ዝርዝሬ ይህ ነበር፦ እንጦጦ፣ መስቀል አደባባይ፣ መርካቶ፣ ከዚያ አንድነት ፓርክ። ግማሹ ቀን መንገድ ላይ አለቀ። መርካቶና አንድነት ፓርክ አልደረስንም።

በሁለተኛው ቀን አንድ መስመር ብቻ ያዝን፤ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ። ከላይ ጀምሩ፤ ቁልቁለት ስለሆነ ለትልቅ ሰው ጉልበት ይቀላል። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ። ቤቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እስካሁን አለ። ከፊት ለፊቱ ጣሊያኖች የሠሩት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙ ጀምሮ ያለውን አንዳንድ ዓመት ይቆጥራል። ጣሊያን ሲባረር ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ልጆቹን «ቁጠሩት» አልኳቸው። ከሩብ ሰዓት በላይ አልተላቀቁትም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው፤ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ከበሩ ውጭ አደባባዩ ላይ አለ። ሦስቱንም ለማየት ታክሲ አያስፈልግም።

ልጆቹን ሳያዘጋጁ ድንቅነሽ ፊት ማቆም

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገባ ልጅ ትልቅ ነገር ይጠብቃል። የሚያየው ግን የተሰባበረ ትንሽ አጥንት ነው፣ እሱም ቅጂ ነው። ዋናው በሙዚየሙ ካዝና ይቀመጣል። ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችሁት «ይሄ ብቻ ነው?» ይላል።

እኔ ጠዋት ቁርስ ላይ ነገርኳቸው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ ተገኘች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል፤ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። ትንሹ ይቺን ቁጥር ያዘ። ሙዚየም ስንገባ በቀጥታ ወደ ቆመው አጽም ሄዶ መስታወቱ ላይ ጀርባውን ለጠፈና እጁን አናቱ ላይ አድርጎ «እበልጣታለሁ!» አለ። ትልቁ ደግሞ ሰላምን ወደዳት። በዲኪካ የተገኘች የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት፤ ዕድሜዋ ግን ከድንቅነሽ ይበልጣል። «ሕፃኗ ከትልቋ ትበልጣለች» እያለ ቀኑን ሙሉ አስቸገረን።

ትንንሾቹ

የዓውደ ዓመት ጫማ ለልጅ አታድርጉለት፤ አራት ኪሎ ሳይደርስ እዘሉኝ ይላል። የስልክ ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱ። ሙዚየም ስትገቡ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን ጠይቁ። ነጠላ ይዛችሁ ውጡ። እህቴ በሱሪ ነበረች፤ ሥላሴ ካቴድራል ስንደርስ የእናቴን ትርፍ ነጠላ ለበሰች። እናቴ የንጉሡንና የእቴጌ መነንን መቃብር አይታ ብዙ ቆየች። እዚያ አታቻኩሏቸው።

ሲመሽ መመለስ

10 ሰዓት ሳይሞላ ታክሲ ያዙ። 11 ሰዓት ላይ ሰልፉ ይረዝማል፣ ግፊያ አለ፣ ቤተሰብ ሁለት ታክሲ ላይ ይከፋፈላል። እኛ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም ተቀምጠን ሄድን።

በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ አላየንም። አንድነት ፓርክንም አላየንም። ለነሐሴ ቀጥረናል፤ ጃንጥላ ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።